የወጋ ቢረሳ

ሰሞኑን «እርሱት» ባዩ በዝቶብናል። ባለሥልጣኑ ስብሰባ ጠርቶ «ያለፈውን ትተን ወደ ልማታችን» ይላል። ዘመድ ከአዲስ አበባ ይደውልና «አታስቢው፤ ሥራ ሲበዛ ይረሳል» ይላል። ለቅሶ ላይ ሽማግሌው «የሆነው ሆኗል፣ ምን ይደረግ» ብለው ወሬውን ወደ ዝናቡ ይመልሱታል። ሐኪም ቤት ደግሞ ነጭ የለበሰው ልጅ ቀና ሳይል «ምንም የለብህም፤ ጭንቀት ነው፤ እርሳው» ብሎ ወረቀት ይጽፋል። አብዛኛው በደግ ልብ እንደሚባል አውቃለሁ። ቢሆንም በቃኝ። የሰው ጭንቅላት እንዲህ አይሠራም፤ እንዲህ እንደማይሠራም ሳይንሱ ካወቀ ቆይቷል። አገሬው ከሳይንሱ በፊት ያውቀው ነበር፤ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ብሎ የተረተው ማን ሆነና ነው?

የምጽፈው ከቆሰበር ነው፤ በመንግሥት ወረቀት እንጅባራ ከምትባለው፣ ክረምት ከበጋ ጋቢ ከማይወልቅባት ከተማ። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ከዚያው ላይ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው መንገድ ደግሞ በቻግኒ በኩል መተከል ያገባል። በ2013 ዓ.ም. በዚያ መንገድ የመጣውን ሰው የሚያስታውስ ያስታውሰዋል፤ በእግሩ፣ በአህያ፣ በጭነት መኪና ላይ ተዝሎ። ታኅሣሥ 14 ቀን ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ላይ ከመቶ የሚበልጥ ሰው መገደሉን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ያሳወቀው ያኔ ነው። ቻግኒ ራንች የተባለው ቦታ በአስር ሺዎች ለሚቆጠር ተፈናቃይ መጠለያ ሆነ። አማራው፣ አገው፣ ሺናሻው፣ ኦሮሞው ሸሸ፤ ጉሙዙም በየጫካው ተሳደደ። ሦስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ተኩሱ ሰዎቹ የሸሹበት ድረስ ተከትሏቸው መጣ። «ተፈናቃዮች» እያልን ልብስ ስናዋጣላቸው የነበርን የቆሰበር ሰዎችም ከእነሱ ጋር እኩል ወለል ላይ ተጋደምን።

እዚህ ከተማ የአይሱዙ ጎማ ሲፈነዳ ቆማችሁ ተመልከቱ። ገበያው ባንዴ ያጎነብሳል። የባጃጁ ሹፌር አንገቱን ይቀብራል፤ ተማሪው አጥር ላይ ይለጠፋል። ጎረቤቴ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ የምትሸጥ፣ በዚያው በቻግኒ መንገድ የመጣች ሴት ናት። ጎማው ሲፈነዳ ሳታስበው ጠረጴዛዋ ሥር ትገኛለች፤ እጇ የልጇን አፍ ጭምቅ አድርጎ ይዟል። ልጁ ያኔ የሚጠባ ነበር፤ ጫካ ውስጥ እንዳያለቅስ አፉን ያፈነችበት ሌሊት አለ። ዛሬ ፊደል ቆጥሯል፤ አያለቅስም፤ እጇ ግን ይህን አልሰማም። ከዚያ አቧራዋን አራግፋ ትነሣለች። የሚያዩት ይስቃሉ። አንዱ ጎረምሳ «ኧረ እታለም፣ ጎማ ነው! አንቺማ ፈሪ ሆነሽ ቀረሽ» ይላታል። እሷም አብራ ትስቃለች። ሌሊት ግን ትባንናለች፤ የሚለየን የጭቃ ግድግዳ ነውና እሰማታለሁ።

ፈሪ! ይህች ስድብ ናት ብዕር ያስያዘችኝ። እኛ የፈረሰኛ አገር ሰዎች ነን። ጥር 23 በመጣ ቁጥር የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ሜዳ ሲወጣ፣ ዓድዋ ሲነሣ፣ ፉከራው ሲያስተጋባ ደስ ይለናል፤ እኔም ከማንም በፊት ሜዳው ላይ እገኛለሁ። ነገር ግን ጀግና ስናወድስ ኖረን የደነገጠን ሰው መናቅ ለመድን። «ፈሪ ለእናቱ» እንላለን። ሰውነት ራሱን ለማዳን የሚሠራውን ሥራ የባሕርይ ጉድለት አስመሰልነው። ስለዚህ ሰው ሕመሙን ይደብቃል፤ ወንዱ በአረቄ፣ ሴቷ በሥራ፣ ልጁ በዝምታ።

እስቲ ስለ አንዲት ሴት ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1911 ኤድዋርድ ክላፓሬድ የተባለ የጄኔቭ ሐኪም የጻፈላት ናት። ሴትዮዋ አዲስ ነገር መያዝ አትችልም፤ ሐኪሙን በየቀኑ ታያለች፣ በየቀኑም እንደ አዲስ ትተዋወቀዋለች። አንድ ቀን በጣቶቹ መሐል መርፌ ደብቆ ጨበጣት። ወጋት። በሌላ ጊዜ ሲመጣ እንደተለመደው አላወቀችውም፤ እጁን ሲዘረጋላት ግን አልጨብጥም አለች። ለምን እንደሆነ ብትጠየቅ መርፌውን አታስታውሰውም። እጇ ያስታውሳል። ሴትዮዋ እንደ እናንተ ምክር ሁሉንም ነገር ረስታ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን አልሄደም። አሁን ኑና ለጎረቤቴ «እርሺው» በሏት።

የዚህ ምክንያት ያኔ እንቆቅልሽ ነበር፤ ዛሬ አይደለም። ከጆሮ ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ፣ በግራም በቀኝም፣ ከጣት አንጓ ብዙ የማይበልጥ የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ አለ፤ አሚግዳላ ይሉታል። የኒውዮርኩ ተመራማሪ ጆሴፍ ሌዱ አይጦች ላይ ለዓመታት ሲሠራ፣ ድምፅ ወደዚህ ቦታ የሚደርስበት አቋራጭ እንዳለ አሳየ። የሚያመዛዝነው የአንጎል ክፍል «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሳይጨርስ አሚግዳላ ልብን ያስመታል፣ ጡንቻን ያኮማትራል፣ ሰውየውን ባለበት ያደርቀዋል። ጎረቤቴ «ጎማ ነው» የሚለው ሐሳብ የሚደርሳት ጠረጴዛ ሥር ከገባች በኋላ ነው። በአደጋው ሰዓት ደም ውስጥ የሚረጨው አድሬናሊን፣ አንጎል ውስጥ የሚለቀቀው ኖርአድሬናሊን ያን ትዝታ ያጠብቀዋል። የአምናውን ምሳ ረስተን የዚያን ሌሊት የጭስ ሽታ የማንረሳው ለዚህ ነው። ሂፖካምፐስ የሚባል ሌላ ክፍል አለ፤ «የት ነበር? መቼ ነበር?» የሚለውን የሚያስይዘው እሱ ነው። ባለሙያዎቹ ፒቲኤስዲ በሚሉት ሕመም በተያዙ ሰዎች ላይ ይህ ክፍል መጠኑ አንሶ፣ ሥራውም ጎድሎ በብዙ ጥናት ታይቷል። የሚተርፈው ቀንና ቦታ ያልተጻፈበት ፍርሃት ነው። መተከል የሆነው ቆሰበር ላይ ይሆናል፤ በ2013 የሆነው ዛሬ ጠዋት ይሆናል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብለን ስንስቅበት የኖርነው ሰው ታማሚ ኖሯል።

ለመሆኑ ፍርሃት የሌለው ሰው ምን ይመስላል? የአሜሪካ ተመራማሪዎች ስሟን ደብቀው ኤስ ኤም የሚሏት ሴት አለች። ብርቅ የሆነ በሽታ ሁለቱንም አሚግዳላዎቿን አጠፋባት። እንስሳት መሸጫ ወስደዋት እባብ አስይዘዋታል፤ ጭራሽ መርዛሞቹን ካልነካሁ አለች። አንድ ምሽት መናፈሻ ውስጥ ሰውዬ ጩቤ አንገቷ ላይ አደረገባት። በነጋታው በዚያው መናፈሻ አለፈች። ጀግንነት ይህ ከሆነ ለጠላቴ። ጎረቤቴን ከነልጇ እዚህ ያደረሳት የዚያን ሌሊት ፍርሃቷ ነው፤ ልትመሰገንበት የሚገባውን ነገር መሣለቂያ አደረግንባት።

ወደ ፈውሱ ልምጣ፤ የተናደድኩትም በዚህ ነውና። ፓቭሎቭ ውሻውን ደወል ሲሰማ ምራቁን እንዲያዝረበርብ ማስለመዱን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ቀጥሎ የሆነውን ነው። ደወሉን ያለ ምግብ ደጋግሞ ሲያሰማው ምራቁ ቆመ፤ ውሻው ትንሽ አርፎ ሲመለስ ግን ደወሉ እንደገና ምራቁን አመጣው። የመጀመሪያው ትምህርት ከሥሩ አልተነቀለም ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሁሉ ይህንኑ አጸና። እ.ኤ.አ. በ2002 ሞሐመድ ሚላድና ግሪጎሪ ኩርክ፣ አይጦች «ይህ ድምፅ አሁን አይጎዳኝም» ብለው የተማሩትን ሲያስታውሱ በግንባር በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ውስጥ የተወሰኑ ሕዋሳት እንደሚቀሰቀሱ አሳዩ፤ እነዚህ ናቸው አሚግዳላን የሚገቱት። አሮጌው ፍርሃት እዚያው አለ፤ ከጎኑ አዲስ የደኅንነት ትዝታ ይተከላል፤ ሁለቱ ይታገላሉ። ማርክ ቡተን ደግሞ የሚያስጨንቀውን ነገር ጨመረበት፦ የደኅንነቱ ትዝታ ከተማረበት ቦታ ጋር የታሰረ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ የዳነ ፍርሃት ሌላ ክፍል ውስጥ ተመልሶ ይነሣል።

ይህን ፈረሰኞቻችን ያለ ላቦራቶሪ ያውቁታል። ተኩስ ያስደነበረው ፈረስ ስብሰባ ተጠርቶለት «እርሳው» አይባልም። መጀመሪያ ከሩቅ ያሰሙታል፤ ልጓሙን የያዘው ሰው አንገቱን እያሻሸ፣ በስሙ እየጠራ ያቆየዋል። ጆሮውን አቁሞ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ቆይቶ ይረጋጋል። እስኪረጋጋ ሳይጠብቅ የሚመልሰው ሞኝ ነው፤ ፈረሱ የሚማረው ሽሽትን ነው። ሌላ ቀን ትንሽ ቀረብ ይደረጋል። ከዚያ ወንዝ ዳር፣ ከዚያ ከሌሎች ፈረሶች መሐል፣ ከዚያ ሕዝብ እልል በሚልበት። በሜዳ የለመደው ገበያ ላይ ሊደነብር እንደሚችል ባለቤቱ ስለሚያውቅ አይቆጣውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተኩስ በሰማ ቁጥር የሚገርፈው ሰው የለም። ለፈረስ የማንነፍገውን ትዕግሥት ለድንች ሻጯ ነፈግናት።

የዚህ ሁሉ ሙከራ መነሻ ግን አንድ ነው፤ ጉዳቱ መቆም አለበት። አይጧን በየጊዜው በኤሌክትሪክ እየነዘርክ «ድምፁ አይጎዳሽም» ብትላት ዋሽተሃል፤ እሷም አታምንህም፤ ልክ ናት። ለእኛስ ማን አቆመልን? መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሰው ይታገትና ቤተሰብ ከብት ሸጦ ያስለቅቃል። አንደኛው ታጣቂ ቀን ይመጣል፣ ሌላኛው ሌሊት፤ ለማን ምን እንዳበላህ ሁለቱም ይጠይቁሃል። ሕዝቡ ፍርሃቱን የሚያላቅቅበት አንድ ጸጥ ያለ ሳምንት ሳትሰጡት፣ ዩኒፎርም የለበሳችሁም ያልለበሳችሁም፣ «ሕዝቡ በሥነ ልቦና ተጎድቷል» ብላችሁ መግለጫ ላይ ስታዝኑለት አፋችሁን አያደናቅፋችሁም? በእውነተኛ አደጋ መሐል ሆኖ የሚፈራ ሰው በሽተኛ አይደለም። በሽታ የሚባለው አደጋው አልፎ ፍርሃቱ ሲቀር ነው። እናንተ ግን አደጋውን አላሳለፋችሁትም።

ይህን ስል ጦርነቱ እስኪያልቅ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። እንዲያውም በእጃችን ያለውን እያበላሸነው ነው። «የሥነ ልቦና ድጋፍ» ተብሎ የሚደረገውን ታውቁታላችሁ፤ የሆቴል አዳራሽ፣ ባነር፣ የላስቲክ ውኃ፣ የሻይ ዕረፍት፣ አበል፣ የጋራ ፎቶ። በማግስቱ ተሳታፊው «ሠልጣኝ»፣ ተጎጂው «ድጋፍ ያገኘ» ሆኖ ሪፖርት ላይ ይሰፍራል። አንዳንዱ ደግሞ ተጎጂዎችን በአንድ ከሰዓት ሰብስቦ «የሆናችሁትን ተናገሩ፣ ይቀላችኋል» ብሎ ያስለቅሳቸውና መኪናው ውስጥ ይገባል። ይህ አዲስ ስሕተት አይደለም። እንዲህ ያለው የአንድ ጊዜ ማስተንፈሻ በዓለም ሁሉ ተሞክሯል፤ ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2002 መዝኖት፣ ሕመሙን እንደማይከላከል ደመደመ፤ እንዲያውም በአንዱ ጥናት ከዓመት በኋላ የባሰባቸው የተናዘዙት ነበሩ። በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ ማለት ይህ ነው። ካሜራ ይዞ መጠለያ የሚገባው ጋዜጠኛና ቅጽ ይዞ የሚዞረው የእርዳታ ሠራተኛም ከዚህ አይሻሉም። ያችኑ እናት ያንኑ ሌሊት ለስንተኛ ጊዜ ያስተርኳታል፤ ልቧ ሲመታ፣ እጇ ሲርድ፣ «አመሰግናለሁ እናቴ» ብለው ወደ ቀጣዩ ድንኳን። ፍርሃቱ ወጥቶ እስኪወርድ አልጠበቋትም። ከላይ ሞኝ ያልኩት ፈረሰኛ ይሻላል።

ክኒኑም አለ። እኔም ራሴ አንድ ሰሞን እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ አንድ ክሊኒክ ብሄድ፣ ወንበሩ ሳይሞቅልኝ ዳያዜፓም ተሰጥቶኝ ወጣሁ። ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ያለኝ የለም። ያስተኛል፤ አልክድም። የዓለም ጤና ድርጅት ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ አሰቃቂ ነገር ከደረሰ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ውስጥ ለድንጋጤው ምልክት ይህን ዓይነት መድኃኒት አትስጡ ብሏል። ለዚህ ሕመም እንደማይፈይድ፣ ሱስ እንደሚሆን ይታወቃል፤ አንጎል ደኅንነትን የሚማርበትን ሂደትም ያደበዝዛል። ለረጅም ጊዜ ሕመም የሚረዱት እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲን ያሉት ሌሎች ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ከንግግር ሕክምናው ቀጥለው የሚመጡ እንጂ የሚተኩት አይደሉም። ትዝታን በክኒን የመፋቅ ሕልምም አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ካሪም ናደርና ባልደረቦቹ፣ አንድ የፍርሃት ትዝታ ሲነሣ ለጥቂት ሰዓት እንደሚላላና እንደገና መጥበቅ እንደሚያስፈልገው አይጦች ላይ አሳይተው ዓለምን አስገርመዋል። ከዚያ ወዲህ ፕሮፕራኖሎል በሚባል የልብ መድኃኒት ሰዎች ላይ ተሞከረ፤ አንዱ ጥናት ረዳ ሲል ሌላው አልረዳም ይላል። ይቀጥሉበት። እኛ ያንን የምንጠብቅበት ምክንያት የለም፤ የሚሠራው ነገር ጎረቤት አገር ተሠርቶ አልቋልና።

ኡጋንዳን ነው የምለው። ፍራንክ ኖይነር፣ ማጊ ሻወርና ቶማስ ኤልበርት የተባሉ የጀርመን ባለሙያዎች ኢምቬፒ በተባለው የስደተኞች ሠፈር ከሱዳን የሸሹ 43 ሰዎችን ይዘው ሠሩ። ሕክምናው የሕይወት ታሪክን ከልደት ጀምሮ በቅደም ተከተል መተረክ ነው። መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ ገመዱ ዕድሜህ ነው። ክፉ ነገር በደረሰብህ ቦታ ድንጋይ፣ ደግ ነገር ባየህበት አበባ ታስቀምጣለህ። ከዚያ ከአድማጭህ ጋር ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ትደርስባቸዋለህ፤ ምን አየህ? ምን ሸተተህ? እጅህ የት ነበር? አሁንስ ሰውነትህ ምን ይሰማዋል? ይህ የሆነው የት ነው? መቼ ነው? ልብህ እስኪረጋጋ ከዚያ ድንጋይ አትነሡም። የተረክኸው ይጻፋል፣ ይነበብልሃል፣ ታርመዋለህ፣ በመጨረሻ ወረቀቱን ይዘህ ትሄዳለህ። ሂፖካምፐስ ያላስያዘውን ቀንና ቦታ በእጅ መመለስ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ከዓመት በኋላ፣ በዚህ መንገድ ከታከሙት ውስጥ ሕመሙ ያልለቀቃቸው 29 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ተራ ምክር ከተሰጣቸው 79 በመቶ፣ ስለ ሕመሙ ትምህርት ብቻ ካገኙት ደግሞ 80 በመቶ። ለዚህ ያስፈለገው አራት ቀጠሮ ነው። በዚያ ላይ ሰዎቹ ያኔም ስደተኞች ነበሩ፤ ሰላም አገራቸው ገብተው አልነበረም የታከሙት።

«እኛ ጋ የአእምሮ ሐኪም የለም» የሚለው መልስ ከወዲሁ ይሰማኛል። እውነት ነው፤ ለአስርተ ዓመታት ይህ ትልቅ አገር የነበረው አንድ የአማኑኤል ሆስፒታል ነው፤ ዛሬም ሐኪሞቹ ጥቂት ናቸው። ግን እነዚያው የጀርመን ባለሙያዎች ናኪቫሌ በተባለ ሌላ ሠፈር የሶማሊያና የሩዋንዳ ስደተኞችን ሲያሳክሙ፣ አካሚዎቹ ሐኪሞች አልነበሩም። ከስደተኞቹ መሐል ተመርጠው ስድስት ሳምንት የሠለጠኑ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ጥናት ከታከሙት ውስጥ ሰባ በመቶ ያህሉ ከስድስት ወር በኋላ ሕመሙ ለቋቸዋል፤ ምንም ካልተደረገላቸው ግን የለቀቃቸው 37 በመቶው ብቻ ናቸው። ሐቁን ላለመደበቅ፣ በዚያ ጥናት በሚገባ በሠለጠነ ሰው የተሰጠው ሌላው የምክር ዓይነትም ብዙ አልራቀም። ይህ ክርክሬን ያጠነክረዋል እንጂ አያላላውም፤ ቁም ነገሩ በሚገባ የሠለጠነ፣ ተመልሶ የሚመጣ፣ የሚቆይ አድማጭ ነው። እኛ ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። የያንዳንዱን ቤት ደጃፍ ያውቁታል፤ ስለ ሽንት ቤት ሲያስተምሩ የማን ባል ሌሊት እንደሚጮህ ሰምተው ይወጣሉ። የሰሙትን ምን እንዲያደርጉት ግን ማንም አልነገራቸውም።

ጸበል ጠላት ነህ እንዳትሉኝ። እናቴ ጸበል ወስዳኝ ነው ያደግኩት። ጸበል ቦታ ያለውን ነገር አውቃለሁ፤ ሰው አለ፣ ሥርዓት አለ፣ ለብቻህ አይደለህም፤ ተጨንቆ ለቆየ ሰውነት ይህ ቀላል አይደለም። የማልቀበለው «ጸበል ጀምረሃልና መድኃኒቱን ጣል» የሚለውን ነው። አቡነ ጳውሎስ በኤች አይ ቪ ጊዜ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ናቸው፣ አብራችሁ ውሰዱ ብለው ያን ጠብ አብርደውታል። ዛሬ ስለ ፍርሃት ሕመም ይህን የሚል ካህን ያስፈልገናል። የንስሐ አባቶቻችን የቤታችንን ምስጢር ከማንም በላይ ያውቃሉና የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች እነሱ ቢሆኑ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ትልቆቹ ልውጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 ጃማ በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት የወጣ የአራት አገሮች ጥናት ነበር፤ አልጄሪያ፣ ካምቦዲያ፣ ጋዛና ኢትዮጵያ። በኢትዮጵያ የተጠኑት ከኤርትራ ተፈናቅለው አዲስ አበባ መጠለያ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ 15.8 በመቶው ይህ ሕመም እንዳለበት ተገኘ። እነዚያን መሰል ተፈናቃዮች ላይ የዶክትሬት ጥናቱን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 በስዊድን ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው ኢትዮጵያዊ የአእምሮ ሐኪም ማን ይመስላችኋል? ፕሮፌሰር መስፍን አርአያ። አዎ፣ የአገራዊ ምክክር ኮሚሽኑ ዋና ኮሚሽነር ሆነው የተሾሙት። የጥናታቸው ጉዳይ የደረሰው መከራ፣ የኑሮው ሁኔታና የሰው ድጋፍ የተፈናቃዩን ጤና እንዴት እንደሚወስኑት ነበር። እንግዲህ ይህች አገር እርቋን እንዲያሰናዳላት አደራ የሰጠችው የተፈናቃይን ሌሊት ያጠና ሐኪም ነው። ታዲያ ከምክክሩ አጀንዳ ሁሉ ስለ ባንዲራው፣ ስለ ሕገ መንግሥቱ ስንሰማ፣ የሚባንን ሕዝብ ስለሚታከምበት ነገር ለምን ጮክ ብሎ አይሰማንም? የሚንቀጠቀጥ ሰው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ከጎዳው ወገን ጋር ሊመካከር እንደማይችል ከፕሮፌሰሩ በላይ ማን ያውቃል? ክቡር ፕሮፌሰር፣ አክብሬዎት እጠይቅዎታለሁ፤ እንደ ሐኪም ይናገሩልን።

በጀት የለም ትሉኝ ይሆናል። ገመድ ስንት ነው? ድንጋይ ቆሰበር ላይ በነጻ ነው። በር ያለው፣ ማንም ጆሮ የማይጥልበት አንድ ክፍል በየጤና ጣቢያው ይለቀቅ። የሚቀጥለውን አዳራሽ ከመከራየታችሁ በፊት ያንን አበል ሰብስቡና ስድስት ሳምንት የሚያሠለጥን አስተማሪ ቅጠሩበት፤ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ደጃችን ነው፣ ሠልጣኞቹን ወር በወር እየተከታተለ ያርማቸው። የሚመረጡት ሰዎች ደግሞ ከየቋንቋው ይሁኑ፤ በአገውኛ የደነገጠ ሰው በአማርኛ ሪፖርት እንዲያቀርብ አይገደድ፣ ጉሙዝኛ ተናጋሪውም እንደዚሁ። ሥራው ከቻግኒ ይጀመር፤ ከዚያ ጓንጓ ገጠሩን፣ ባንጃን፣ ዳንግላን እያለ ይምጣ። የሚያዳምጥ ሰው ጠፋ ካላችሁ ኑ፣ እዚህ ቆሰበር ላይ ሌሊቱን በሙሉ ነቅቶ የሚያድር ሰው ሞልቶናል።